የአንጓች ጤና አዳም

(ነገ የወይዘሮ አንጓች የአርባ ቀን ተዝካር ነው፤ ልጇ ደጊቱ ከከተማ መጥታ እናቷ ጓሮ ውስጥ ከጤና አዳሙ ፊት ቆማለች፤ ሸክላ ሠሪዋ ይታይሽ ከአጥሩ ውጭ ሆና ታናግራታለች።)

ይታይሽ፦ አንዲት ዘለላ ነው ያልሁሽ፤ አንዲት! ጓሮሽን ንቀዪልኝ አላልሁ።

ደጊቱ፦ አንዲትም አትቆረጥም አልሁ እኮ! ስንት ጊዜ ልናገር?

ይታይሽ፦ ሦስት ጊዜ ተናግረሻል። እኔ አራት ጊዜ ለምኛለሁ። አንድ ይቀርሻል።

ደጊቱ፦ ደሞ ትቀልጃለሽ! ሰው ጤና አዳም የሚሰካው ከማን ለመዳን እንደሆነ ጠፍቶሽ ነው?

ይታይሽ፦ ከኔ ለመዳን ነው። ለቀባሪ አረዱት አሉ።

ደጊቱ፦ ታዲያ ቀበሮ ለበጎች ጋጣ አጥር ትለምናለች?

ይታይሽ፦ ቀበሮ ያልሆነችው ትለምናለች።

ደጊቱ፦ ገበያ ሄደሽ ግዢ።

ይታይሽ፦ ለኔ ማን ይሸጥልኛል? ‘እጇ ከነካው መድኃኒቱ ይረክሳል’ ብለው እንደ ጅብ ነው የሚያባርሩኝ። ስትሰጠኝ የኖረችው እናትሽ ብቻ ናት። የሌላ ሰው ጤና አዳም ደግሞ አይሆነኝም። እሑድ የልጅ ልጄ ስንዱ ትዳራለች። የሙሽራው አባት ቢምረው ስለ አያቷ የሚወራውን ሰምቶ አንድ እግሩን ወደ ኋላ አድርጓል። የአንጓችን ጤና አዳም በፀጉሯ ሰክታ ስትወጣ አገር እንዲያይ ነው የምፈልገው።

ደጊቱ፦ አንጓች? በባዶ ስሟ? ‘እሜቴ’ ነበር እኮ የምትያት።

ይታይሽ፦ ሰው ፊት።

ደጊቱ፦ ሰው ሳይኖርስ?

ይታይሽ፦ አንጓቼ።

ደጊቱ፦ አንጓቼ! እኔ አንድ ልጇ ‘እማ’ ከማለት አልፌ አላውቅም፤ አንቺ ‘አንጓቼ!’

ይታይሽ፦ ስሟን በሚጠራት ሰው ደስ ይላት ነበር። አባትሽ ከሞተ ወዲህ የሚጠራት አልነበረም። ለልጅ እናት፣ ለጎረቤት እሜቴ፤ ስሟ ሊዝግባት ነበር።

ደጊቱ፦ ትናንት ጓዳዋን ስከፍት ምን እንዳገኘሁ ታውቂያለሽ? የላክሁላት ብረት ድስት፣ የላክሁላት ሳህን፣ ፔርሙዙ፣ ሁሉም ከነካርቶኑ። አንዱም እሳት አላየም። ምድጃው ላይ የተጣደው ያንቺ ሸክላ ነው፤ ቂጡ ጠቁሮ፣ አንድ ጆሮው ተሰብሮ።

ይታይሽ፦ ጆሮውን የሰበረችው ራሷ ናት። ‘ሌላ ልሥራልሽ’ ብላት፣ ‘ተዪው፤ የኔም አንድ ጆሮ አይሰማም፤ እንስማማለን’ አለችኝ።

ደጊቱ፦ ከኔ ጋር እንዲህ ቀልዳ አታውቅም። ስደውልላት ‘ደህና ነኝ፤ ልጆቹ ደህና ናቸው? በይ ሥራ አትፍቺ’ ብላ ትዘጋብኝ ነበር።

ይታይሽ፦ ላንቺ ደህና መሆን ነበረባት። ለኔ መታመም ትችል ነበር።

ደጊቱ፦ ቁስሏንም ያሳየችው ላንቺ ነው።

ይታይሽ፦ ጀርባዋ ላይ ነበር፤ ለራሷ እንኳ አይታያትም። ማን ይጠብላት?

ደጊቱ፦ እኔ!

ይታይሽ፦ መንገዱ ሩቅ ነው። ሥራ አለሽ፣ ልጆች አሉሽ። እኔ አልወቀስሁሽም።

ደጊቱ፦ አለመውቀስሽ ነው የሚያቃጥለኝ! ብትወቅሺኝ መልስ ነበረኝ። እኔን ‘ትንሽ አሟታል’ እያሉ ሦስት ቀን ደበቁኝ። ጎሕ ሲቀድ በሬ ተቆረቆረ። ከፍቼ ሳይ አጎቴ ጋቢውን ዘቅዝቆ ቆሟል። አፉን ሳይከፍት ገባኝ። እዚህ ስደርስ የመቃብሯ አፈር ደርቋል። አንቺ ግን እጇን ይዘሽ ነበር።

ይታይሽ፦ ይዤ ነበር። ከዚያስ? ትንፋሿ ሲቆም ዘመድ ገባ፣ እኔ ወጣሁ። ዓመት ሙሉ ያጠብሁትን ገላ መጨረሻ ላይ ሌላ ሰው አጠበው። በለቅሶው ሳምንት ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ እየመጣ ‘እግዜር ያጥናሽ’ ይልሽ ነበር። እኔን ማን ያጥናሽ አለኝ? ከአጥሩ ወዲያ ቁጭ ብዬ፣ አንቺን ሲሉሽ እኔ በሆዴ ‘አሜን’ እል ነበር።

ደጊቱ፦ የኔን ‘አሜን’ ትዪ ነበር?

ይታይሽ፦ ተርፎሽ ነበር እኮ! እኔ የሰረቅሁሽ ሁለት ሦስት ቢሆን ነው። የምትቀኚው አንቺ ብቻ መሰልሽ? እኔ በቅንድብሽ እቀናለሁ። ቅንድቧን ይዘሽ ትዞሪያለሽ፤ ስትናደጂም እንደሷ ግራው ይቀድማል። መስታወት ፊት ስትቆሚ ታገኚያታለሽ። እኔ የት ሄጄ ልያት?

ደጊቱ፦ በቃ፤ አትሸንግዪኝ። ጠይብና ጤና አዳም ምንና ምን ናቸው? ስሙም አይገጥም።

ይታይሽ፦ ስሙማ ይገጥማል። ጤና አዳም ነው የተባለው፤ ጤና ደጊቱ አልተባለም። እኔ የአዳም ልጅ አይደለሁም?

ደጊቱ፦ ይኼን ደሞ ማን አስተማረሽ?

ይታይሽ፦ ማን ያስተምረኛል? እሷው ናት። ‘አዳም ከገነት ሲወጣ ኀዘን ሆዱ ገብቶ ቆረጠው፤ እህል አልወርድ፣ ውኃ አልወርድ አለው። መልአኩ ቢያዝንለት አንዲት ቅጠል ቀጥፎ፣ በእጁ አሽቶ፣ አስሸተተው፤ ጤናው ተመለሰ። ጤና አዳም የተባለው በዚህ ነው’ አለችኝ። ‘ለሔዋንስ ምን ተሰጣት?’ ብዬ ብጠይቃት፣ ‘ውኃ ማጠጣቱ!’ ብላ ሳቀች። ይኸው አባትሽ ከሞተ ወዲህ ይህን ቁጥቋጦ አሥር በጋ ያጠጣሁት እኔ ነኝ።

ደጊቱ፦ ለኔ ነግራኝ አታውቅም።

ይታይሽ፦ አልጠየቅሻትም ይሆናል።

ደጊቱ፦ ለሆድ ቁርጠት ከወተት ጋር ስትሰጠኝ አስታውሳለሁ። ዝም ብላ ነው የምትሰጠኝ። ለኔ ቅጠሉን፣ ላንቺ ወጉን! ሌላስ ምን ሰጠችሽ? ሁሉንም ንገሪኝና ልጨርሰው።

ይታይሽ፦ ስሜን ሰጠችኝ።

ደጊቱ፦ ይታይሽ ብላ ያወጣችልሽ እሷ ናት?

ይታይሽ፦ ያንን አይደለም። ሌላውን፣ አሁን የጠራሽኝን። አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ አንዱ ‘ወግጂ፣ ጠይብ!’ አለኝና እንስራዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። እሷ አላባበለችኝም። ነጠላዋን አጣፍታ ቀጥ ብላ መሪጌታው ዘንድ ሄደች፤ ‘ይህ ቃል ከየት መጣ?’ ብላ ልትጠይቀው። ላብ አጥምቋት ተመለሰች። ‘አንቺ ሞኝ፣ ታለቅሻለሽ? በግዕዙ እኮ ጠቢብ ነው! ብልኅ፣ ጥበብ ያለው ማለት ነው። ጭቃ አንሥቶ እንስራ የሚያደርግ፣ ብረት አቅልጦ ማረሻ የሚያወጣ እጅ አይቶ የተደነቀ ሰው ነው ያወጣው። በኋላ የመጣው፣ ከእጁ ምንም የማይወጣው፣ ቀንቶ ስድብ አደረገው’ አለችኝ።

ደጊቱ፦ ቀንቶ?

ይታይሽ፦ ቀንቶ። ‘ዓይኗ በላኝ ብሎ የሚጮኸው፣ መጀመሪያ የሷን እጅ በዓይኑ የበላው ነው’ ትል ነበር።

ደጊቱ፦ ምን ለማለት ነው?

ይታይሽ፦ እኔ አላልሁም። እሷ ናት ያለችው።

ደጊቱ፦ በሞተ ሰው አፍ ማሽሟጠጥ ቀላል ነው። ጥበብሽ ይኼን ያህል ከሆነ ለምን ታዲያ ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ተባለ?

ይታይሽ፦ በገልም ቢሆን የራሴን ነው የምበላ። ሰው በልቼ አላውቅም።

ደጊቱ፦ እሱን አታንሺ።

ይታይሽ፦ አላነሣሁም።

ደጊቱ፦ አንሥተሻል! ከመጣሽ ጀምሮ በዙሪያው ስትዞሪ ነው የዋልሽው።

ይታይሽ፦ ሠላሳ አምስት ዓመት ተሸክሜው ዞሬያለሁ፤ ዛሬ አጥርሽን ብዞርበት ይበዛብሻል?

ደጊቱ፦ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ! ታምሜ ነበር። ጢስ አጨሱብኝ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ወቅጠው አፍንጫዬ ውስጥ ጨመሩብኝ። ቤቱ ሙሉ ሰው ‘ማን በላሽ? ተናገሪ! የት በላሽ?’ ይላል። የለፈለፈው በሽታው ነው፤ እኔ አይደለሁም።

ይታይሽ፦ በሽታው ስሜን በደንብ ያውቃል ማለት ነው። ከነአባቴ ስም ነው የጠራኝ።

ደጊቱ፦ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል። የልጅ ቃል ለምን ያዙ?

ይታይሽ፦ ያንቺ ግን በቃ። ለኔ ቤት እሳት በቃ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ደጊቱ። አንቺ ‘ይታይሽ በላችኝ’ ባልሽ በማግሥቱ ጎጆዬ ነደደ። ባሌ ‘የቡዳ ባል አልባልም’ ብሎ በዚያው ሄደ። የስንዱን እናት ሕፃኗን አዝዬ ወንዝ ተሻገርሁ። እሷም አድጋ ያለ ድግስ፣ ያለ ሚዜ፣ በጓሮ በር ነው የተዳረች። አሁን ሦስተኛዋ ናት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ደጊቱ፦ አልረሳሁም።

ይታይሽ፦ እኔም እንደማትረሺ አውቃለሁ። ‘የት በላሽ? መቼ?’ ሲሉሽ ምን እንዳልሽ ታስታውሻለሽ?

ደጊቱ፦ ...ምንጭ ዳር አልሁ። ማክሰኞ።

ይታይሽ፦ ማክሰኞ እኔ የት ነበርሁ?

ደጊቱ፦ ተዪኝ።

ይታይሽ፦ አባትሽ ችሎት ሄዶ ነበር። እናትሽ በጓሮ አስገባችኝ። እዚችው ቦታ፣ አንቺ የቆምሽበት ላይ ተቀምጣ፣ ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አድርጋ ሹሩባ ስትሠራኝ ዋለች። አንቺም መጣሽ፤ በርበሬው ማድረቂያ ጋ ቆመሽ አየሽን። አየሽንና ሄድሽ።

ደጊቱ፦ እኔን በሳምንት አንዴ፣ ያውም እየተቆጣች ነበር የምትሠራኝ! ‘አትንቀሳቀሺ፣ አትነጫነጪ’ እያለች! አንቺን ግን እያንጎራጎረች። ስታንጎራጉር ሰምቻት አላውቅም ነበር። ድምፅ እንዳላት እንኳ አላውቅም ነበር!

ይታይሽ፦ ይኸው።

ደጊቱ፦ ምን ይኸው?

ይታይሽ፦ በሽታው ማን እንደነበር ልትነግሪኝ ነው።

ደጊቱ፦ መጀመሪያ ሆዴን እውነት አሞኝ ነበር። ከዚያ ሁሉም ስም ጠበቁ። ስም ካልተናገርሁ ጢሱ አይቆምም። ብዙ ስም ነበረ። ያንቺን መረጥሁ። ግን አንቺ እንዴት አወቅሽ? ሰው ሁሉ አምኖኛል!

ይታይሽ፦ ‘ትትፋባት’ ብለው ጎትተው ሲያመጡኝ፣ ጎንበስ ብዬ እንትፍ ስልሽ አንድ ዓይንሽን ገለጥ አደረግሽ። ቡዳ የያዘው ሰው የበላውን ሰው ያያል ይላሉ። አንቺ እኔን አላየሽም። እናትሽ ማንን እንደምታይ ነው ያየሽው።

ደጊቱ፦ አንቺን ነበር የምታየው። ያኔም አንቺን!

ይታይሽ፦ አንድ ቃል ብትናገር ያድነኝ ነበር። ‘ማክሰኞ የት ነበረች?’ ቢሏት ግን ‘ጭኔ ላይ’ ልትል? የጠይብ ጭንቅላት በወይዘሮ ጭን ላይ? ባሏ ይገድላት ነበር። ዝም አለች። ከዚያ በኋላ ነው፣ እኔ ወንዝ ማዶ ሆኜ፣ በየቅዳሜው ገበያ መሃል እየመጣች ከዚህ ጓሮ የቀጠፈችውን ጤና አዳም በፀጉሬ የምትሰካልኝ። በዝምታ ያፈረሰችውን በቅጠል ልትጠግነው ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት አንድ ቅዳሜ አላጎደለችም፤ አሟት የቀረችው የመጨረሻውን ዓመት ብቻ ነው።

ደጊቱ፦ እሺ፤ ውሰጂው። አንድ ዘለላ አይደለም፤ ከነሥሩ ንቀዪው። ቁጥቋጦው ያንቺ ነው። ስንዱም ትሰካው፣ ሚዜዎቿም ይስኩት። በቃ?

ይታይሽ፦ አይበቃም።

ደጊቱ፦ አሁን ለአንዲት ዘለላ በአራት ልመና ስታስቸግሪኝ የነበርሽው አንቺ አይደለሽም?

ይታይሽ፦ ዘለላውን የለመንሁሽ ዋናውን መለመን ፈርቼ ነው። ቢምረው ነገ ተዝካሩ ላይ ይመጣል፤ የእናትሽ የአክስት ልጅ ነው፣ አይቀርም። ‘ተበላች የተባለችው ልጅ መጥታለች፤ ከራሷ አፍ እጠይቃታለሁ። አዎ ካለች ሠርጉ ቀረ’ ብሏል። በሰው ፊት ነው የሚጠይቅሽ።

ደጊቱ፦ ‘ልጅ ነበርሁ፣ አላስታውስም’ ብለውስ?

ይታይሽ፦ ‘አላስታውስም’ን ሰው ‘አዎ’ አድርጎ ነው የሚሰማው።

ደጊቱ፦ አስተማሪ ነኝ እኮ ይታይሽ! ‘ልጆች፣ አትዋሹ’ እያልሁ ነው እንጀራ የምበላው። ባሌ ነገ ከጎኔ ነው። ልጄ ስንዱን ታክላለች። ‘እማዬ ውሸታም ናት፤ በውሸቷ የሰው ቤት ተቃጠለ’ ትበል? ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት ነው።

ይታይሽ፦ የኔስ ስም ከየት ወጣ? ካንቺ ቤት አይደለም?

ደጊቱ፦ ቆይ። አንድ ነገር ንገሪኝ፤ እውነቱን። እማ ታውቅ ነበር? ስትሞት ውሸታም መሆኔን እያወቀች ነው የሞተች?

ይታይሽ፦ ይኼን ባትጠይቂኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ደጊቱ፦ ንገሪኝ!

ይታይሽ፦ ማክሰኞ ምንጭ ዳር እንዳልነበርሁማ ታውቃለች። የማታውቀው አንቺን ነው። ‘ደጊቱ አውቃ ነው ወይስ በሽታው አስለፍልፏት?’ እያለች ስትብሰከሰክ ኖረች። አንቺን አንድ ቀን አልጠየቀችሽም፤ መልሱን ፈራች። በመጨረሻው ቀን፣ እጄን እንደያዘች፣ ‘አንቺ ጎንበስ ብለሽ ዓይኗን አይተሻል። በቅዱሳኑ ይዤሻለሁ፤ አውቃ ነው?’ አለችኝ።

ደጊቱ፦ ምን አልሻት?

ይታይሽ፦ ‘ምንም አታውቅም ነበር። ዓይኗ ዞሮ ነበር፤ ሕፃን ናት፣ በሽታው ነው’ አልኋት። ‘እሰይ፣ ልጄን!’ ብላ ሄደች። ሌላ ቃል አልተናገረችም።

ደጊቱ፦ በቅዱሳኑ ይዛሽ ዋሸሻት?

ይታይሽ፦ ኃጢአቱ በኔ ይቆጠር። ልጇን ልነጥቃት? ይልቅ እኔ ልነጠቅ፤ ለምጄዋለሁ።

ደጊቱ፦ መጨረሻዋ ላይ እንኳ ቀደምሽኝ! ማሳረፍ የነበረብኝ እኔ ነበርሁ። ስልኩን አንሥቼ ‘እማ፣ እንዲህ ነበር፣ ይቅር በዪኝ’ ማለት የነበረብኝ እኔ! አንቺ በኔ ውሸት ላይ የራስሽን ጨምረሽ አሳረፍሻት። እስክሞት እቀናብሻለሁ።

ይታይሽ፦ ቅኚብኝ። ቅናትሽን ችያለሁ፤ ዝምታሽን ነው የማልችለው። ይኸው የመጣሁበትን ነገርሁሽ። ልሂድ።

ደጊቱ፦ የት ነው የምትሄጂው?

ይታይሽ፦ ወደ ቤቴ። ነገም ከአጥሩ ወዲያ እቀመጣለሁ፤ አትጨነቂ፣ አላሳፍርሽም።

ደጊቱ፦ ከአጥሩ ወዲያ የሚቀመጥ ሰው የለም። በዋናው በር ነው የምትገቢው። ከቤተ ዘመዱ መሃል፣ ከኔ በስተቀኝ ትቀመጫለሽ። ሰዉ ‘እግዜር ያጥናሽ’ ሲልሽ የራስሽን አሜን በዪ። ቢምረው መጥቶ ሲጠይቅ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ፤ የሚጠየቀው እኔን ነው።

ይታይሽ፦ ባልሽ ከጎንሽ ሆኖ? ልጅሽ እየሰማች?

ደጊቱ፦ እየሰማች።

ይታይሽ፦ እና ምን ትዪዋለሽ?

ደጊቱ፦ ‘ያቺ ልጅ አልተበላችም፤ ቀንታ ነው’ እለዋለሁ።